ጠቅላላ ምርመራው ላይ ጂን ይጨመር ለሚሉት ሐኪም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩ። የጻፉት ሐኪም ናቸው። ስማቸውን አላነሳም፤ ክርክሬ ከሐሳባቸው ጋር ነው። ዶክተሩ የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ በዓመት አንዴ ጠቅላላ ምርመራ የሚያደርግ ሰው ስኳሩን፣ ኮሌስትሮሉን፣ ኩላሊቱንና ጉበቱን ሲያስመረምር በዚያው ደም ዘረመሉንም፣ ማለትም ጂኑን፣ ያስመርምር። ያው የደም ምርመራ ነው፣ ማሽኑ ዘር አይለይም፣ ማወቅ ካለማወቅ ይሻላል፣ ሕግ አለ፣ ማንም አይገደድም፣ ዋጋውም ወርዷል። እኛም እንደ ሁልጊዜው መጨረሻ ላይ ከምንደርስ አሁን እንጀምር።

ጽሑፉ ጥሩ ነው። አንዳንዱን ቦታ ራሴን በአዎንታ እየነቀነቅኩ ነው ያነበብኩት። ግን ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ሦስት ደንበኞች «የጂን ምርመራው የት ይደረጋል?» ብለው ጠይቀውኛል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው ሜሪላንድ ነው፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የኛ ሰዎች ናቸው። የምጽፈውም ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ቆሜ ከማየው ተነስቼ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ለመቀነስ የሚሰንፍ ካለ ይቅርታ።)

ከጠንካራው ነጥባቸው ልጀምር። እሱን ዘልዬ ደካማውን ብቻ ብነካካ ነውር ነው። ዶክተሩ የሕመምና የሳል መድኃኒት የሆነውን የኮዴንን ታሪክ ያነሳሉ፤ ልክ ናቸው። ኮዴን ለብቻው ያን ያህል ሕመም አያስታግስም። ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚሠራው። ያን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። አብዛኛው ሰው ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዳንዱ ግን ሦስትና ከዚያ በላይ አለው። ቅጂው ሲበዛ ኮዴኑ በፍጥነት ሞርፊን ይሆናል። ለሳል የተወሰደ ሽሮፕ ትንፋሽ እስከ ማዳከም ሊደርስ ይችላል፤ በተለይ ሕፃን ላይ። በ1996 የታተመ ጥናት 29 በመቶ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳየ። ስዊድናውያን ዘንድ ይኸው ቁጥር አንድ ወይ ሁለት በመቶ ነው። የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ እሌኒ አክሊሉ ናቸው፤ ዛሬ በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ናቸው።

ታዲያ ኢትዮጵያ ምን አደረገች? በ2015 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኮዴንን ከነጭራሹ ከለከለ።

እኔና ዶክተሩ የምንለያየው እዚህ ጋ ነው። እሳቸው ይህን ታሪክ «ለዚህ ነው እያንዳንዱ ሰው መመርመር ያለበት» ለማለት ተጠቀሙበት። ታሪኩ ግን የሚለው ተቃራኒውን ነው። ኮዴን ሲከለከል ጤና ጣቢያ የመጣ አንድም ታካሚ ለዚህ ብሎ ደም አልሰጠም። ማንም ፎርም ላይ አልፈረመም። የማንም ስም ከማንም ጂን ጋር ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም። ጥናቱ በፈቃደኞች ተሠራ፣ ሕዝቡ በሙሉ ተጠቀመ። ሕዝብን ማጥናትና እያንዳንዱን ሰው መመርመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርላቸው፤ ለክርክራቸው ይጠቅማቸዋል። ሌላው የሕመም ማስታገሻ ትራማዶልም በዚያው ኢንዛይም በኩል ነው የሚያልፈው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ሁለቱንም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ሲል በአንድ ማስጠንቀቂያ ነው ያወጣው። ትራማዶል አዲስ አበባ ውስጥ ምን ያህል እንደሚታዘዝ ደግሞ የፋርማሲ ሰው ሁሉ ያውቃል። እዚህ ላይ የጂን ምርመራ ቢመጣ በሁለት እጄ ነው የምቀበለው። ለምን? ውጤቱ ሲመጣ የማደርገው አለኛ! ሌላ መድኃኒት እሰጣለሁ፤ አለቀ። ይህችን ነገር ያዟት፤ እመለስባታለሁ።

«ያው የደም ምርመራ ነው» ይላሉ ቀጥለው። «ስኳር ሲታዘዝ ማን ቤተሰብ ይሰበስባል?»

ስኳርሽ 180 ቢወጣ፣ ያ ቁጥር ያንቺ ነው። የዛሬም ነው። ብትራመጂ፣ እንጀራውን ብትቀንሺ፣ መድኃኒትሽን ብትውጪ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ቁጥር ይሆናል። የጡትና የማህፀን እንቁላል ካንሰርን ስጋት የሚጨምር የቢአርሲኤ ለውጥ ቢገኝብሽ ግን ያ ወረቀት ዕድሜ ልክሽን አይቀየርም። ከዚያም አልፎ ደሴ ስላለችው እህትሽ ይናገራል። የእናት ልጅ ከሆነችና ለውጡ ከእናታችሁ ከመጣ እሷም ላይ የመኖር ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እሷ ደም አልሰጠችም። ማንም አልጠየቃትም። ምናልባት ልትዳር ሽማግሌ የተላከባት ሰሞን ነው።

ይህ በሐሳብ የፈጠርኩት ጭንቀት አይደለም። እንግሊዝ አገር አንድ ሰው ሚስቱን ገድሎ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ሳለ ሃንቲንግተን የሚባለው የአንጎል በሽታ እንዳለበት ታወቀ። ከወላጅ ወደ ልጅ ግማሽ በግማሽ ዕድል የሚተላለፍ፣ መዳኛ የሌለው በሽታ ነው። ልጁ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐኪሞቹ እንንገራት ሲሉት አይሆንም አለ። አልነገሯትም። ከወለደች በኋላ በአጋጣሚ ሰማች፤ ተመረመረች፤ እሷም አለባት። ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በ2020 ሐኪሞች የታካሚውን ምስጢርና የልጁን ጥቅም ማመዛዘን ግዴታቸው ነው አለ፤ በእሷ ጉዳይ ግን ጥፋት አላገኘም፤ ተረታች። እንግዲህ ይህ የሆነው የዘረመል ክሊኒክ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የካበተ የሕግ ልምድ ባለበት አገር ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። በሽተኛው ሳይሰማ ቤተሰቡ ይሰማል። «ለሱ እንዳትነግረው፣ ለኛ ንገረን» ያልተባለ ሐኪም አለ? መርዶን በወጉ የሚነግር ሕዝብ ነን፤ ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር፣ ማን አጠገቡ ይቀመጥ የሚለው ሁሉ ሥርዓት አለው። ዶክተሩ ውጤቱ «በስልክ መልእክት ይላካል» ሲሉ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉት። እኔ ወጉ አይነካ እያልኩ አይደለም። ግን የሞት ስጋት በቴክስት የሚላክ ከሆነ ቢያንስ እናውራበት።

ሌላም አለ፤ ለመናገር የሚከብድ። ልጅ ላይ የተገኘ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወላጆቹም ይመረመራሉ። ያኔ አባት የተባለው አባት አለመሆኑ ሊወጣ ይችላል። ማን ነው የሚናገረው? ሳይነገር ቢቀርስ ልጁ ሲያድግ የማን ዘር ነው ብሎ የቤተሰቡን የበሽታ ታሪክ ለሐኪም ይነግራል? በኛ ሰው ዘንድ ዲኤንኤ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ሐኪም ቤት ሳይሆን ኤምባሲ ነው። በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ቤተሰብ ለማገናኘት ያመለከቱ አፍሪካውያን ስደተኞችን በዲኤንኤ መፈተሽ ጀመረ፤ መጀመሪያ ናይሮቢ ያሉ፣ በብዛት ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን፤ ከዚያ ኢትዮጵያና ሌሎች አገሮች። የተባለው ዝምድና ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠው ከአምስት ቤተሰብ ባንዱ እንኳ አልነበረም፤ ብዙዎቹም ጨርሶ አንመረመርም አሉ። ፕሮግራሙ ቆመ። ያጭበረበረ አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ግን እኛ ጋ የሞተ ወንድም ልጅ የራስ ልጅ ነው። አሳድገኸዋል፣ ስምህን ሰጥተኸዋል፣ አባባ ይልሃል። ማሽኑ ይህን አያነብም። የጂን ምርመራ በየክሊኒኩ ሲገባ ይህ ጥያቄም አብሮ ይገባል፤ ያውም ማንም ሳይጠራው።

«ማሽኑ ዘር አይለይም፤ ሳይንስ ነው» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ የተናደድኩት እዚህ ጋ ነው።

ማሽኑ አይለይም፤ እውነት ነው። ማሽኑ ፊደሉን ያነባል። ፊደሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ግን ቀደም ሲል ከተመረመሩ ሰዎች ጋር የሚደረገው ንጽጽር ነው። እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? ጂንን ከበሽታ ጋር በሚያያይዙት ሰፋፊ ጥናቶች ውስጥ ከተሳተፉት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። አፍሪካውያን ከመቶው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሚያስቀው ደግሞ የጂን ልዩነት ከሁሉ የሚበዛው አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ የኛ ሰው ሲመረመር «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ ተገኝቷል» የሚል ወረቀት ይዞ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህ ምን ይባላል ለእናትህ? «እማዬ፣ አንድ ነገር ተገኝቶብሻል፤ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ አይዞሽ።»

አንዳንዴ ደግሞ «አይታወቅም» ከመባሉ በፊት «ታውቋል» ይባላል። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት የልብ ጡንቻ መወፈርን ያመጣሉ ተብለው የተመዘገቡ አንዳንድ ለውጦችን መለስ ብሎ አየ። ለውጦቹ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ በጤነኛው ሁሉ ላይ በብዛት የሚገኙ፣ ጉዳት የሌላቸው ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ለማነጻጸሪያ በቂ ጥቁር ሰው ስላልነበራቸው ነው የተሳሳቱት። በመሃል ግን ጥቁር ታካሚዎች ልባችሁ ላይ የዘር ችግር አለ ተብለዋል። ይህን የሰማ ሰው ስፖርት ያቆማል፣ ልጁን እግር ኳስ ይከለክላል። ማሽኑ አልተሳሳተም እኮ። መዝገቡ ነው የተሳሳተው።

«ጥቁር» የሚለው ቃልም ራሱ ለኛ ሁልጊዜ አይሠራም። ኤፒኦኤል1 የሚባል ጂን አለ፤ ሁለት ዓይነት ለውጦቹ የኩላሊት በሽታን ስጋት ይጨምራሉ። ምንጫቸው ምዕራብ አፍሪካ አካባቢ ነው። ከጥቁር አሜሪካውያን 13 በመቶ የሚሆኑት ከእናትም ከአባትም ወርሰውታል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ኩላሊት ለመስጠት የቀረበ ጥቁር ሰው ይህን ጂን ተመርመር ሊባል ይችላል። ኢትዮጵያውያን ላይ በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ እነዚህን ለውጦች አላገኘባቸውም፤ ኤችአይቪ ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ያ በጥቁር አሜሪካውያን የሚታወቀው የኩላሊት ጉዳት የማይታይባቸውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። በኮዴን ጉዳይ ከስዊድን ተለየን፤ በኩላሊቱ ከናይጄሪያ ተለየን። ፎርሙ ላይ ግን ያለችው አንዲት ሳጥን ናት፤ ጥቁር የምትል።

እትዬን እዚህ ጋ ላንሳ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከኔ ነው የሚወስዱት። ልጃቸው ለእናቶች ቀን የቤት ውስጥ የዲኤንኤ ኪት ገዛችላቸው፤ ምራቃቸውን ተፉበት፣ ተላከ፣ ውጤት መጣ። አንድ ቀን መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጥተው «ልጄ፣ ከጡት ካንሰር ነፃ ነሽ ተብያለሁ፤ ያንን ጡት የሚጨፈልቀውን ማሽን ከእንግዲህ አልሄድም» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው። ወረቀቱን አሳዩኝ። ካምፓኒው አልዋሸም፤ በትንሽ ጽሑፍ ሁሉን አስቀምጧል። ምርመራው ያየው ሦስት ለውጦችን ብቻ ነበር፤ ሦስቱም በዋነኛነት ከአውሮፓ በመጡ አይሁዶች ዘንድ የሚታወቁ። በሁለቱ የቢአርሲኤ ጂኖች ላይ የሚታወቁት አደገኛ ለውጦች በሺዎች ይቆጠራሉ። ለእትዬ ያ «የለም» የሚል ውጤት ምንም አልነገራቸውም ማለት ይቻላል። ከዚያም በላይ አብዛኛው የጡት ካንሰር ከውርስ ጂን ጋር አይገናኝም። ሃያ ደቂቃ ወሰደብኝ ለማስረዳት። ከኋላ ሰልፍ ነበር።

ዶክተሩ «ማወቅ ምንጊዜም ከአለማወቅ ይሻላል» ሲሉ እትዬን ያሰቧቸው አይመስለኝም። የተሳሳተ ማወቅ አለ። የማይጠቅም ማወቅም አለ።

ሃንቲንግተንን እንደገና እንውሰድ። ጂኑ የተገኘው በ1993 ነው። ከዚያ ወዲህ ወላጁ የታመመበት ሰው ሁሉ መመርመር ይችላል። የሚመረመሩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው፤ ምርመራው በነፃ በሚሰጥባቸው አገሮች ሳይቀር። ሰዎቹ ፈሪዎች ወይም ያልተማሩ አይደሉም። መዳኛ የሌለውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ለአንዱ እፎይታ ነው፣ ለሌላው እስር ቤት ነው። ዶክተሩ በጠቅላላ ምርመራ ውስጥ ይግባ ሲሉ ይህን ምርጫ ሰው ሳያስበው ይነጥቁታል።

የኛን አገር ምሳሌ ደግሞ እዩልኝ። ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት። ትንኝ ከምታስተላልፈው ዝሆኔ ይለያል፤ ይኼኛው የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ከመሄድ ነው። አፈሩን የረገጠ ሁሉ ግን አይታመምም። በሽታው ያለበት ሰው ወንድምና እህት ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል የተጋለጡ መሆናቸውን ጥናት አሳይቷል። በ2012 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ከደቡብ ኢትዮጵያ በተወሰደ ናሙና በሽታው ከየትኞቹ የበሽታ መከላከያ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አወጣ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚያኮራ ነው።

እነዚያው ተመራማሪዎች ቀደም ብለው ያዩት ነገር ግን ከግኝቱ እኩል ይገርመኛል። ጥናቱን ለመጀመር ፈቃድ ሲጠይቁ መገለሉ ትልቅ እንቅፋት ነበር። እግሩ ያበጠ ሰው ያለበት ቤት ልጅ አይዳርለትም። ሰው «የዘር ነው» ሲል እርግማን ማለቱ ነው። ታዲያ ሳይንቲስቱ መጥቶ «አዎ፣ በዘር ይተላለፋል» ሲል ምን ይሰማል? ጎረቤት የሚሰማው «እኛም ብለን ነበር» የሚለውን ነው። አሁን እንግዲህ ይህን ምርመራ ወላይታ ውስጥ ጤና ጣቢያ አስገቡት። ጂኑ የተገኘበትም ጫማ ያድርግ ነው የሚባለው፤ ያልተገኘበትም ጫማ ያድርግ ነው የሚባለው። ሁለቱም እግራቸውን በሳሙና ይታጠቡ ነው የሚባሉት። ወረቀቱ የሚቀይረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን ለጋብቻ እንደማይፈለግ። በዚያ ገንዘብ ጫማ ይገዛ።

ዘር የሚለው ቃላችን እኮ ራሱ ችግር ነው። ጤፍም ዘር ነው፣ ብሔርም ዘር ነው፣ ቤተሰብም ዘር ነው፣ አሁን ደግሞ ሞለኪውልም ሆነ። በዚህ ጊዜ «ዘርህን ልመርምር» የሚል ሰው ነጭ ጋውን ቢለብስም ትንሽ ያስደነግጣል።

ሕጉን በተመለከተ ዶክተሩ ሁለት መስመር ነው የጻፉት፦ «አሜሪካ ከ2008 ጀምሮ ሕግ አላት፤ ኢትዮጵያም አሁን አላት።» ሕጉ አለ። የአሜሪካው በጤና ኢንሹራንስና በሥራ ቅጥር ላይ በጂን ምክንያት ማግለልን ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስ ግን አልተካተተም። የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ አልተካተተም። የእርጅና ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስም አልተካተተም። ከ15 ሠራተኛ በታች ያለው ቀጣሪም አይነካውም፤ የኛ ሰው የሚሠራበት ሬስቶራንትና ነዳጅ ማደያ ስንቱ ነው ከ15 በላይ የሚቀጥር? ስለዚህ እዚህ አገር ያላችሁ፣ ለልጆቼ የሕይወት ኢንሹራንስ እገባለሁ የምትሉ፣ ከምርመራው በፊት አስቡበት። ኢትዮጵያ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ ጥሩ ጅምር ነው። አዋጅ ወጣ ማለት ግን የክሊኒኩ ካርድ ክፍል መዝጊያ ተገጠመለት ማለት አይደለም።

መረጃው የሚቀመጠውስ የት ነው? ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው፣ የቤት ውስጥ የዲኤንኤ ኪት የሚሸጠው ካምፓኒ የ15 ሚሊዮን ሰዎችን ዲኤንኤ ይዞ በመጋቢት 2025 ኪሳራ አወጀ። የሰው ጂን እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ለጨረታ ቀረበ። በመጨረሻ ከካምፓኒው መሥራቾች አንዷ የሚመሩት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ305 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በፊት በ2023 ሰርጎ ገቦች (ሃከሮች) 14 ሺህ የሚያህሉ አካውንቶችን ከፍተው ነበር። በእነዚያ 14 ሺህ በኩል የታየው የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ነው። እንዴት? ዘመዳሞችን የሚያገናኝ አገልግሎት ነበራ። ዘመድህ ደካማ ፓስወርድ ስለተጠቀመ አንተ ትታያለህ። «የኔ መረጃ የኔ ነው» የሚለው እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው።

ዶክተሩ «ጥንት የነበረ ፍርሃት ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። ያን ያህል ጥንት አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሲክል ሴል ለሚባለው የሚወረስ የደም በሽታ የምርመራ ሕግ አወጡ፤ አንዳንዱ በግዴታ፣ ያውም ጥቁሮችን ለይቶ። በሽታው ያለበትና አንድ ቅጂ ብቻ የተሸከመ ጤነኛ ሰው እንኳ በቅጡ ሳይለይ ቀረ። ጤነኞቹ ከሥራ ተከለከሉ፣ ኢንሹራንስ ተወደደባቸው። የአየር ኃይል አካዳሚው ተሸካሚዎችን አልቀበልም ማለቱን የተወው በ1981 ነው። ሊነስ ፖሊንግ፣ ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመው፣ ሲክል ሴል የሞለኪውል በሽታ መሆኑን ያሳየው ራሱ፣ በ1968 ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቃላችሁ? ተሸካሚ ወጣቶች ግንባራቸው ላይ ይነቀሱ፤ እንዳይፋቀሩ። እኛ ግንባር ላይ ንቅሳት ስንል የእናቶቻችንን መስቀል ነው የምናስበው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ሊረዳ ነበር የፈለገው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ትዝታ አላቸው። በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ እየተደፋ እንደነበር በጋዜጣ ሲወጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ወጡ። ምክንያት ተብሎ የቀረበው ኤችአይቪ ነበር። ደም የሰጡት ግን እንደ ሰው ነበር፤ የተደፋው እንደ ቡድን ነው። እንዲህ የሆነበትን ሰው «ለጂን ምርመራ ክንድህን ዘርጋ» ሲሉት ለምን ብሎ ቢጠይቅ ኋላ ቀር አይባልም።

«ማንም አይገደድም» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። የኤችአይቪ ምርመራም በፈቃደኝነት ነበር። ቤተ እምነቶች ለተክሊል የምርመራ ወረቀት አምጡ ማለት ከጀመሩ በኋላ ፈቃደኝነቱ የት ሄደ? ወረቀት ካለ ወረቀቱን የሚጠይቅ አለ። ሳዑዲ ከ2004 ጀምሮ ተጋቢዎች ሲክል ሴልና ታላሴሚያ የሚባለውን ሌላ የሚወረስ የደም በሽታ እንዲመረመሩ ታስገድዳለች፤ ውጤቱ ጋብቻ አይከለክልም፣ ውሳኔው የጥንዶቹ ነው። እኔ እሱን አልቃወምም። የሚፈልጉትን ለይተው ያውቃሉ፤ በሽታው እዚያ ብዙ ነው፤ ግዴታውንም ግዴታ ብለው ነው የሚጠሩት። እኛ ግን ከጋብቻ በፊት እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር፣ «በዘራቸው ምን አለ?» ብለን የምናጠያይቅ ሰዎች ነን። ዶክተሩ ለአማቶች አዲስ መሣሪያ እየሰጡ ነው።

ዋጋው ወርዷል፤ አልከራከርም። የመጀመሪያው የሰው ጂኖም ፕሮጀክት ሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወስዷል፤ ዛሬ በጥቂት መቶ ዶላር ይነበባል። ርካሽ የሆነው ግን ንባቡ ነው። ውጤቱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው አልረከሰም። ከውጤቱ በኋላ በየዓመቱ ሊያስፈልግ የሚችለው ኤምአርአይም አልረከሰም።

የመጨረሻ ነጥባቸው «ካልተመረመርን መዝገቡ የነጮች ሆኖ ይቀራል» የሚል ነው። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ከላይ ያለቀስኩትም እሱን ነው። ግን መዝገቡን የሚሞላው ጥናት ነው፤ የሥነ ምግባር ቦርድ ያለው፣ ለምን እንደሆነ የሚነግር፣ ደሙ የት እንደሚሄድ የሚጽፍ ጥናት። ታካሚው ከፍሎ ያደረገው ምርመራ በጎን ለጥናት የሚውል ከሆነ ያ ሌላ ስምምነት ነው፤ ሌላ ፊርማም ይፈልጋል።

እንግዲህ ያዟት ያልኳችሁን ነገር ልመልስ። ለዶክተሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፋቸው ረጅም ነው፤ ግን የትኞቹ ጂኖች እንደሚመረመሩ አንድም ቦታ አልዘረዘሩም። ይዘርዝሩልን። ከእያንዳንዱ ጂን ጎን «ውጤቱ ይህ ቢሆን ነገ ጠዋት ይህን እናደርጋለን» ብለው ይጻፉ፤ መድኃኒት መቀየር ይሁን፣ ምርመራ ቀደም ብሎ መጀመር ይሁን፤ ያውም አዲስ አበባ ውስጥ፣ በሚገኝ ነገር። ትራማዶልን እኔው ጀምሬላቸዋለሁ። ቀሪው መስመር ባዶ የሆነበት ጂን ካለ ይሰርዙት። የተረፈውን ዝርዝር ሳየው ምናልባት እኔም አብሬያቸው እፈርማለሁ።

እትዬ ማሞግራማቸውን ሐሙስ ሄደው ተነሱ። ኪቱን የገዛችላቸው ልጃቸው ናት ይዛቸው የሄደችው።